«ይማርሽ» ብሎ ለመለሰኝ ታቱ ሠሪ

ሰላም የሐዋሳ ልጆች። ይህን ለመጻፍ ካሰብኩ ሰነበትኩ። ያዘገየኝ ልጁ ራሱ ነው፤ «ስሜን እንዳታወጪ» እያለ ይለምነኛል። እሺ፣ አላወጣም። ሳላመሰግነው ብቀር ግን ይቆጨኛል።

የእናቴን ስም ክንዴ ላይ ልነቀስ በ2012 ቀብድ ከፍዬ ነበር። ቀጠሮዬን ስጠብቅ መጋቢት 4 ቀን 2012 ኮሮና አገራችን ገባ ተባለ። በወሩ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ልጁ ከአዋጁም ቀድሞ ዘግቶ ነበር። ደውሎ «ቀብድሽን ልላክልሽ?» አለኝ። በዚያ ክፉ ሰሞን ቀብድ ልመልስ ብሎ የሚደውል ሰው እሱን ብቻ ነው የማውቀው። ይቆይልኝ አልኩት።

መስከረም ላይ ከፈተ። ሄድኩ። በሩ ላይ ጀሪካን ከነሳሙናው ተቀምጧል። ታጥቤ ገባሁና ገና ሳልቀመጥ አስነጠስኩ። አንዴ ብቻ! «ይማርሽ» አለኝ፤ ቀጥሎ «እህቴ፣ ዛሬ አልሠራልሽም። ሁለት ሳምንት ቆይተሽ ነይ» አለ። የባጃጅ አቧራ ነው ብል ማን ሰምቶኝ። በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ስለሚያስገባ የዚያ ሰዓት ገቢው ቀረበት። እኔ ደግሞ ተናድጄ ወጣሁ። ላብራቶሪ ውስጥ የምሠራ ሰው መሆኔን ሳስብ አሁን ያሳፍረኛል።

ሁለት ሳምንት ቆይቼ ስመለስ ዓይኔን ከእጁ አልነቀልኩም። መርፌውን ፊቴ ከእሽጉ አወጣ፤ ቀኑ አለማለፉን አስነበበኝ። ቀለሙን ለእኔ ብቻ በትንሽ ክዳን ቀዳ፣ የተረፈውን ደፋው። ማሽኑና ገመዱ በላስቲክ ተጠቅልለዋል። መሃል ላይ ስልኩ ጮኸ፣ አላነሳም። አምፖሉን ለማስተካከል ሲነካ ግን ወዲያው ጓንቱን አውልቆ ሌላ አጠለቀ። ልቤን የወሰደችው ይህቺ ናት። ጓንት ማድረግማ ሁሉም ያደርጋል፤ በዚያው ጓንት ሞባይሉንም፣ ማስኩንም፣ የበሩንም እጀታ ይነካካል እንጂ። ሲጨርስ መርፌውን ሴፍቲ ቦክስ (ያገለገለ መርፌ መጣያ ሣጥን) ውስጥ ጨመረው፣ ልክ እንደ ጤና ጣቢያ።

የማሽኑን መያዣ ግን ደጋግሞ ነው የሚጠቀምበት። «በምን ታጸዳዋለህ?» አልኩት። በሳሙናና በብሩሽ ካጠበው በኋላ አውቶክሌቭ (በታመቀ እንፋሎት ጀርም የሚገድል ማሽን) ውስጥ ይከተዋል፤ 121 ዲግሪ፣ ቢያንስ 15 ደቂቃ። እሽጉ ላይ ያለውን ቴፕ አሳየኝ፤ መስመሩ ጠቁሯል፣ እንፋሎቱ አግኝቶታል ማለት ነው። «በአልኮል እጠርገዋለሁ» ቢለኝ ተነስቼ እሄድ ነበር። ጉበት የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ 7 ቀን ሳይሞት ይቆያል። ኮሮናን ስንፈራ እሱን ረስተነው ነበር።

አያቴ አንገቷ ላይ የድሮ ንቅሳት አላት። ይህን ሁሉ ስተርክላት ስቃ ልትሞት። «እኛን በአንድ እሾህ ነው ተሰልፈን የወጉን፤ አንቺ ለአንድ ስም ይህን ሁሉ ግርግር!» አለችኝ።

ቅሬታ የለኝም አልልም። ዋጋው ጠንከር ይላል፣ ቀጠሮው ይርቃል። በዚያ ላይ በሁለት ማስክ ሲያወራ ግማሹ አይሰማም።

ቤቱን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፤ አስፈቅጄው ስልኩን እሰጣችኋለሁ። ጉንፋን ቢጤ ከጀመራችሁ ግን ቀድማችሁ ደውሉለት፤ የባጃጅ ሒሳብ በከንቱ እንዳትከፍሉ።