ለሳይንሳዊ ስሌት ኮምፒውተር ሲገዙ፦ ብዙ ኮር፣ ፈጣን ኮር ወይስ ሰፊ የሚሞሪ መንገድ?

ለምርምር የሚሆን ኮምፒውተር የሚገዛ ሰው ሻጩን መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ኮር አለው?» ብሎ ነው፤ ኮር በፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚያሰላ ክፍል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቦታው ግን መጀመሪያ ላይ አይደለም። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት የራስ ስሌት ጠባይ ነው፦ ጊዜውን የሚበላው ማባዛትና መደመሩ ነው ወይስ ቁጥሮቹን ከሚሞሪ ማመላለሱ? ከዚያ በግዢ ጊዜ ማንም የማያነሳው ሁለተኛ ጥያቄ ይመጣል፦ ያው ፕሮግራም ዛሬ በ8 ትሬድ (ጎን ለጎን በሚሄድ የሥራ መስመር)፣ ነገ በ16 ትሬድ ሲሠራ እስከ መጨረሻዋ አኃዝ ድረስ አንድ ዓይነት መልስ እንዲሰጥ ይፈልጋሉ? ገንዘብዎን የት ላይ ማዋል እንዳለብዎት የሚወስኑት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ለንጽጽር ሦስት ፕሮሰሰሮችን መርጫለሁ፤ ሦስቱ ሦስት የተለያዩ አስተሳሰቦችን ስለሚወክሉ ነው። የኢንቴሉ ሁለት ዓይነት ኮር ይቀላቅላል፣ የኤኤምዲው ራይዘን ጥቂት ግን ጠንካራ ኮሮች ይሰጣል፣ ትሬድሪፐር ደግሞ ወደ ሚሞሪ የሚወስደውን መንገድ፣ ቻናል የሚባለውን፣ ያሰፋል። ዋጋዎቹ ፕሮሰሰሮቹ ገበያ ላይ ሲወጡ የተነገሩ ናቸው፤ ዓመተ ምሕረቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

| | ኮር አይ9-14900ኬ | ራይዘን 9 9950ኤክስ | ትሬድሪፐር 7960ኤክስ |
|---|---|---|---|
| የወጣበት ዓመት | 2023 | 2024 | 2023 |
| ኮር | 24 (8 ፈጣን፣ 16 ቆጣቢ) | 16 | 24 |
| ትሬድ | 32 | 32 | 48 |
| የሚሞሪ ቻናል | 2 | 2 | 4 |
| የሚሞሪ ፍጥነት ጣሪያ በሰከንድ | 89.6 ጊጋባይት | 89.6 ጊጋባይት | 166.4 ጊጋባይት |
| ለአንድ ኮር ሲካፈል | 3.7 | 5.6 | 6.9 |
| ዋጋ በዶላር | 589 | 649 | 1,499 |

ከሠንጠረዡ ውስጥ ዓይንዎን «ለአንድ ኮር ሲካፈል» የሚለው ረድፍ ላይ ያሳርፉ። የማስታወቂያ ወረቀት ላይ አይጻፍም፤ ብዙ ነገር የሚናገረው ግን እሱ ነው።

ማባዛት የሚበዛበት ሥራ

በዜሮ ያልተሞሉ ትልልቅ ማትሪክሶችን ማባዛት፣ የኳንተም ኬሚስትሪ ስሌት፣ በርካታ ስታቲስቲካዊ ሞዴሎች ከዚህ ወገን ናቸው። አንድ ጊዜ ከሚሞሪ የመጣ ቁጥር ፕሮሰሰሩ አጠገብ ባለው ካሽ በተባለ ፈጣን ሚሞሪ ውስጥ ሆኖ ደጋግሞ ስለሚሠራበት የሚሞሪው መንገድ አይጨናነቅም። እዚህ ላይ የሚያስደንቅ ነገር ይታያል። የ9950ኤክስ እያንዳንዱ ኮር በአንድ ዑደት በባለ 64 ቢት ቁጥሮች 32 ስሌቶችን መሥራት ይችላል፤ የ7960ኤክስ ኮር ግን 16 ብቻ። በመነሻ ፍጥነታቸው፣ ማለትም በ4.3 እና በ4.2 ጊጋኸርዝ፣ ሲባዛ ራይዘኑ በሰከንድ ወደ 2,200 ቢሊዮን፣ ትሬድሪፐሩ ደግሞ ወደ 1,600 ቢሊዮን ስሌት ይደርሳል። ይህ የወረቀት ጣሪያ ነው፤ በተግባር ማንም ሙሉ በሙሉ አይነካውም። ቢሆንም 8 ኮር ያነሰውና በዋጋ ከግማሽ በታች የሆነው ፕሮሰሰር በዚህ ሥራ ቀድሞ ሊገኝ እንደሚችል ያሳያል። የኢንቴሉ ኤቪኤክስ-512 የሚባሉትን ሰፋፊ ትእዛዞች ስለማያስኬድ በዚህ ወገን ወደኋላ ይቀራል።

ማመላለስ የሚበዛበት ሥራ

አሁን የተለየ ስሌት ይውሰዱ። ሁለት ረጃጅም የቁጥር ዝርዝሮች አሉ፤ የአንዱን እያንዳንዱን ቁጥር በአንድ ቋሚ አባዝተን ከሌላው ጋር ደምረን ውጤቱን በሦስተኛ ዝርዝር እንጽፋለን። ለሁለት ስሌት 24 ባይት ይመላለሳል። በሰከንድ 89.6 ጊጋባይት ብቻ በሚያሳልፍ መንገድ ይህ ቢበዛ 7.5 ቢሊዮን ስሌት ነው። የ2,200 ቢሊዮን አቅም ያለው ራይዘን 7.5 ቢሊዮን ላይ ይቆማል ማለት ነው፤ ከሦስት መቶ ክፍል አንዱ! በትሬድሪፐሩ ያው ሥራ 13.9 ቢሊዮን ይደርሳል፤ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ብልጫ ነው፤ ምክንያቱም ቻናሉ አራት ነው።

የአየር ትንበያ ሞዴሎች፣ የፈሳሽ ፍሰት ስሌት፣ አብዛኛው ቦታቸው ዜሮ የሆነ ትልልቅ ማትሪክሶችን መፍታት፣ የሕንፃና የድልድይ ጫና ትንተና በአመዛኙ ወደዚህ ወገን ያደላሉ። በእነዚህ ላይ 6 ወይም 8 ኮሮች መንገዱን ከሞሉት በኋላ የሚጨመረው ኮር ተራ ከመጠበቅ በቀር ሥራ የለውም። የሚሠሩት ይህን ከሆነ ለትሬድሪፐር የሚከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ የሚገዛው ኮሩን ሳይሆን መንገዱን ነው፤ ይህን አውቀው ይክፈሉ። በጀቱ ካልፈቀደ ደግሞ ያገለገለ ባለ ብዙ ቻናል ሰርቨር ከአዲስ ባለ ሁለት ቻናል ማሽን ሊሻል ይችላል።

በአንድ ኮር ሁለት ትሬድ የማስኬዱ ነገር ብዙ ጊዜ አይወስድብንም። ሁለቱ ትሬዶች ያንኑ የስሌት ክፍል ይጋራሉ፤ ለማትሪክስ ማባዛት አይጠቅምም፣ አንዳንዴም ይጎዳል። ኢንቴል ያዘጋጀው ኤምኬኤል የተባለው የሒሳብ ላይብረሪ (የተዘጋጁ የስሌት ፕሮግራሞች ስብስብ) ራሱ በነባሪው የሚጠቀመው በኮሮቹ ልክ እንጂ በትሬዶቹ ልክ አይደለም። ስለዚህ «32 ትሬድ» የሚለው ጽሑፍ ዋጋ እንዲያስጨምርዎት አይፍቀዱ።

ጂን አምዳል እ.ኤ.አ. በ1967 ያስቀመጠው ደንብም አለ። ከፕሮግራሙ 95 ከመቶው ተከፋፍሎ የሚሠራ፣ 5 ከመቶው ግን በአንድ ትሬድ ብቻ የሚሄድ ከሆነ፣ በ16 ኮር የሚገኘው ፍጥነት 9.1 እጥፍ ነው፤ በ24 ኮር 11.2 እጥፍ፤ በ96 ኮር እንኳ 16.7 እጥፍ። ከ20 እጥፍ የሚያሻግር ማሽን በዓለም ላይ የለም። ያቺን 5 ከመቶ ወደ 2 ለማውረድ አንድ ሳምንት የሚሠራ ፕሮግራመር ብዙ ጊዜ ከአዲስ ፕሮሰሰር የበለጠ ያተርፋል።

መልሱ ለምን ይለያያል?

ብዙ ተመራማሪዎች የሚደነግጡት እዚህ ላይ ነው። ያው መረጃ፣ ያው ፕሮግራም፣ የትሬዱ ቁጥር ብቻ ተቀይሮ በአሥራ አራተኛው አኃዝ ላይ የተለየ መልስ ይመጣል። ማሽኑ ተበላሽቶ አይደለም። በኮምፒውተር ውስጥ ባለ 64 ቢት ቁጥር የሚይዘው ወደ 16 የሚጠጋ አኃዝ ብቻ ስለሆነ እያንዳንዱ ድምር ይጠጋጋል፤ ስለዚህ የመደመር ቅደም ተከተል ውጤቱን ይለውጣል። መጀመሪያ 0.1 እና 0.2 ደምረው 0.3 ቢጨምሩ 0.6000000000000001 ያገኛሉ፤ 0.2 እና 0.3 አስቀድመው ደምረው 0.1 ቢጨምሩ ግን 0.6። ከዚህ የባሰም አለ፦ አሥር ኳድሪሊዮን ላይ፣ ማለትም 1 ከ16 ዜሮዎች ጋር በሆነው ቁጥር ላይ፣ 1 ጨምረው ያንኑ ትልቅ ቁጥር ቢቀንሱ መልሱ 0 ነው፤ አስቀድመው ቀንሰው 1 ቢጨምሩ 1 ነው። እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ፕሮሰሰሮች የሚከተሉት አይትሪፕልኢ 754 የተባለው ደረጃ እያንዳንዱ ነጠላ ስሌት እንዴት እንደሚጠጋጋ ይደነግጋል፤ የሚሊዮን ቁጥሮች ድምር በየትኛው ቅደም ተከተል ይሂድ የሚለውን ግን የሚወስነው ፕሮግራሙ ነው። ሥራው ለ8 ትሬድ ሲከፈል 8 ከፊል ድምሮች፣ ለ16 ሲከፈል 16 ይሆናሉ፤ ማጠጋጋቱም አብሮ ይለወጣል።

የቀላቀለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ደካማ ጎን የሚገለጠው እዚህ ነው። ሥራው ለሁሉም ኮር እኩል ቢከፋፈል ፈጣኖቹ ጨርሰው ቆጣቢዎቹን ይጠብቃሉ፤ ፍጥነት ይባክናል። ይህን ለማስቀረት ቀድሞ የጨረሰ ትሬድ ቀጣዩን ቁራጭ እንዲወስድ ይደረጋል፤ ፍጥነቱ ይመለሳል፣ ነገር ግን የትኛው ቁራጭ ለየትኛው ትሬድ እንደሚደርስ በየሩጫው ይለያያል። ቁራጮቹ እርስ በርስ የማይነካኩ ከሆነ ችግር የለም። በመጨረሻ የሚደመሩ ከሆነ ግን ያው ማሽን በያው የትሬድ ቁጥር ሁለት ጊዜ ሲሮጥ እንኳ ሁለት መልስ ሊሰጥ ይችላል። ኮሮቹ አንድ ዓይነት በሆኑበት ማሽን እኩል ማከፋፈል ብዙ ፍጥነት ስለማያስቀር ፍጥነትንና ተደጋጋሚ ውጤትን አንድ ላይ መያዝ ይቀላል። ውጤቱን ደግሞ ለማረጋገጥ ለሚገደድ ላብራቶሪ እኔ የምመክረው በግልጽ አንድ ዓይነት ኮር ያለውን ነው።

በ14900ኬ ላይ ሌላም የሚታወስ ነገር አለ። የ13ኛውና የ14ኛው ትውልድ ፕሮሰሰሮች ከመጠን ባለፈ ቮልቴጅ ምክንያት ያለመረጋጋት ችግር እንደሚያጋጥማቸው ኢንቴል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2024 አሳውቆ ማስተካከያ አውጥቷል፤ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዝሟል። ያገለገለ የሚገዙ ከሆነ ማስተካከያው ከመውጣቱ በፊት ለረጅም ጊዜ ሲሠራ የቆየ እንዳይሆን ይጠንቀቁ። እንዲህ ያለው ብልሽት ከማጠጋጋት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

ልዩነቱን መለየት የሚቻለው እንዲህ ነው። ፕሮግራሙን በ1 ትሬድ ሁለት ጊዜ ያስኪዱ፤ መልሱ ከተለያየ ጥፋቱ የትሬድ ብዛት አይደለም። ከዚያ በ8 ትሬድ ደጋግመው ያስኪዱ። ልዩነቱ በአሥራ ሦስተኛው ወይም በአሥራ አራተኛው አኃዝ ላይ ከሆነ ማጠጋጋት ነው። በሦስተኛው አኃዝ ላይ ከሆነ ሁለት ነገር ይጠርጥሩ፦ አንደኛ፣ ሁለት ትሬዶች ያለ ጥበቃ አንድ የሚሞሪ ቦታ ላይ እየጻፉ ይሆናል፤ ይህ እውነተኛ ስህተት ነው፣ በሌላ ማሽንም አይድንም። ሁለተኛ፣ ማትሪክሱ ራሱ ለጥቃቅን ለውጥ እጅግ ተጋላጭ ሊሆን ይችላል፤ የተጋላጭነቱ መለኪያ አሥር ቢሊዮን ከሆነ ከ16ቱ አኃዞች አሥሩ ይጠፋሉ፤ የሚታመኑት ስድስቱ ብቻ ናቸው።

ከዚህ የተለየው ቡድን በጊዜ ሂደት ጥቃቅን ልዩነትን የሚያሳድገው ስሌት ነው። ኤድዋርድ ሎሬንዝ እ.ኤ.አ. በ1961 የአየር ሁኔታ ሞዴሉን ከመካከል ሲያስጀምር 0.506127 የነበረውን ቁጥር ታትሞ እንዳየው 0.506 ብሎ አስገባ፤ በሞዴሉ አቆጣጠር ከጥቂት ወራት በኋላ ትንበያው ከመጀመሪያው ጋር ጨርሶ አልተገናኘም። የሞለኪውሎች እንቅስቃሴ ስሌትም ያው ነው። እዚህ ላይ የሚነጻጸረው የአንድ ሩጫ መንገድ ሳይሆን የብዙ ሩጫዎች አማካይ መሆን አለበት። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ የምንሠራ ሰዎች ከሎሬንዝ የምንማረው አንድ ተግባራዊ ነገር ደግሞ አለ፦ ስሌቱ በየሰዓቱ ሲቀመጥ ቁጥሮቹ በሙሉ 64 ቢታቸው ይቀመጡ፤ በጥቂት አኃዝ በጽሑፍ ከተቀመጡ ከመቋረጡ በኋላ የሚቀጥለው ሌላ ስሌት ነው።

ሶፍትዌሩ የሚያስተካክለው

ኤምኬኤል ያለዎትን ፕሮሰሰር አይቶ የስሌት መንገዱን ይመርጣል፤ ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ማሽኖች በአንድ ትሬድም ቢሆን በመጨረሻው አኃዝ ሊለያዩ ይችላሉ። በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ ይህን መንገድ አስሮ የሚይዝ ቅንብር አለው፤ ጥብቅ የሆነው ዓይነት ለተወሰኑ ተግባራት የትሬዱ ቁጥር ቢቀየርም አንድ መልስ ያስገኛል። ዋጋው ፍጥነት ነው። ኦፕንብላስ የተባለው ነጻ ላይብረሪ በኤኤምዲም በኢንቴልም ጥሩ ይሠራል፤ እንዲህ ያለ ጥብቅ ዋስትና ግን ስለሌለው የትሬዱን ቁጥርና የፕሮሰሰሩን ዓይነት ራስዎ ያስራሉ። ግሮማክስ የተባለውን የሞለኪውሎች እንቅስቃሴ ማስሊያ ፕሮግራም የሚጠቀሙ ደግሞ ተደጋጋሚ ውጤት የሚያስገኘውን አማራጭ ለስህተት ፍለጋ ያብሩት፤ ለዕለት ሥራ ያጥፉት። ላብራቶሪው ሁለት ማሽን የሚገዛ ከሆነ ሁለቱም አንድ ሞዴል ይሁኑ።

በፓይተን የሚሠሩ ሰዎች አዲሱ ማሽን ከአሮጌው ላፕቶፕ ሲዘገይባቸው ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አንድ ነው፦ 16 ሂደት ከፍተው እያንዳንዱ ሂደት በላይብረሪው በኩል 16 ትሬድ ይከፍታል፤ 256 ትሬድ በ16 ኮር ላይ ይጋፋል። የላይብረሪውን ትሬድ በሂደት 1 ማድረግ ችግሩን ያቃልለዋል።

ምርጫዬን ልናገር። ማትሪክስ ማባዛት ለሚበዛበት ሥራ 9950ኤክስ ያለ ብዙ ማመንታት። ለአየርና ለፈሳሽ ሞዴል 7960ኤክስ፤ የሚቀበለው ግን ሬጂስተርድ የሚባለውን ውድ ሚሞሪ ብቻ ስለሆነና ኃይሉም 350 ዋት ስለሆነ ዩፒኤሱን ጨምረው ያስሉ። 14900ኬ ለቢሮና ለተማሪ ልምምድ ይበቃል፤ ለሚታተም ውጤት አልመርጠውም።

ከመክፈልዎ በፊት የራስዎን ፕሮግራም በ1፣ በ4፣ በ8 እና በ16 ትሬድ ሱቁ ውስጥ ያስኪዱ፤ ፍጥነቱ ከ8 በኋላ ካልጨመረ ገንዘቡን ወደ ሚሞሪ ያዙሩ። ሚሞሪውንም በቁራጭ ይቁጠሩት። ባለ ሁለት ቻናል ማሽን ሁለት ቁራጭ ይፈልጋል፤ አንድ ብቻ ቢሰካ ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል፣ በ9950ኤክስ ላይ አራት ቢሰካም አምራቹ የሚፈቅደው ፍጥነት ይቀንሳል። ባለ አራት ቻናሉ አራት ይፈልጋል። ለዚህኛው ደረሰኙ ላይ «64 ጊጋባይት» ብቻ ሳይሆን «አራት ባለ 16 ጊጋባይት» ተብሎ ይጻፍልዎት።