ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ አብረውኝ ለጠበቁት መካኒክ

ይህን ጽሁፍ መጻፍ የነበረብኝ ከዓመት በፊት ነው። ዛሬ ነገ እያልኩ ቆየሁ። ዛሬ ግን እማዬን ከህክምና ይዣት ስመለስ ዓይኔ የመኪናዬ ኪሎ ሜትር መቁጠሪያ ላይ አረፈ። 250,000 ሞልቷል። ስገዛው 231,000 ነበር። በዚህ ሁሉ መሀል አንድ ቀን እንኳ መንገድ ላይ ጥሎን አያውቅም። አንድ ቀን! ስለዚህ ዛሬ እኚህን ሰው ሳላመሰግን አልተኛም።

እማዬ ኩላሊቷን ታማለች። በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት አላት። ጨርሳ ስትወጣ ጉልበቷ ይከዳታል፣ ያዞራታል፣ አንዳንዴ ያስመልሳታል። ቆማ ትራንስፖርት መጠበቅ አትችልም። መኪና የፈለግኩት ለዚህ ነው። ብዙ ገንዘብ የለኝም፣ ስለዚህ አዲስ መኪና የሚታሰብ አልነበረም። ያገለገለ፣ ብዙ የሄደ፣ ግን የማያሳፍረን መኪና ነበር ፍለጋዬ።

ከዚህኛው በፊት ሌላ ገዝቼ ነበር። እሱን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ሆዴ ይቃጠላል። የሚያይልኝ መካኒክ ሰው አገናኘኝ። መጣ፣ ኮፈኑን ከፈተ፣ ሞተሩን አስነሳ፣ ጋዝ ረገጥ ረገጥ አደረገ፣ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ሰማና "ንጹህ ነው፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ግዢ" አለኝ። አስር ደቂቃ አልፈጀበትም። ሂሳቡን ግን ሙሉ ተቀበለኝ። አምኜው ገዛሁ። በሁለተኛው ወር ዳገት እየወጣን እንደ ሳይረን የሚጮህ ድምፅ መጣ፣ ከዚያ ከኋላችን ሰማያዊ ጭስ ሞላ፣ ከዚያ መኪናው አልሄድም አለ። ተርቦው፣ ወደ ሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚገፋው እቃ፣ ተቃጥሏል። እማዬ ከኋላ ነበረች፣ ከእጥበት እየተመለስን። መንገድ ዳር ፀሐይ ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጠች። አንድም ቃል አላማረረችም፣ እኔን እያየች "አይዞሽ" ትለኝ ነበር፤ እሱ ነው ይበልጥ ያመመኝ። መካኒኩ ጋ ስደውል "ተርቦ እንዳለው መች ነገርሽኝ?" አለኝ። ኮፈኑን የከፈተው እሱ፣ ሞተሩን ያየው እሱ! በኋላ እንደሰማሁት ከሻጩም ድርሻውን ወስዷል።

ያስገባሁበት ጋራዥ ደግሞ ተርቦውን ቀይረናል ብለው ከፍተኛ ሂሳብ አስከፈሉኝ። አዲሱም በሦስት ሳምንቱ ሞተ። ምንድነው ችግሩ ብዬ ስጠይቅ "እቃው ነው" የሚል መልስ ብቻ። የምጠይቀው እኔ፣ የሚመልሱት ግን አብሮኝ ለመጣው ታናሽ ወንድሜ ነበር። መኪናው የኔ፣ ገንዘቡ የኔ፣ ወደኔ ግን ዓይናቸውን አያዞሩም። መጨረሻ ላይ መኪናውን በወረደ ዋጋ ሸጥኩትና ተገላገልኩ።

ከዚያ በኋላ ሌላ መኪና ሳገኝ አንድ ሌላ ባለሙያ ዘንድ ሄድኩ። ከወንበሩ አልተነሳም። "ተርቦ? ከ200,000 በላይ የሄደ? ሽሺ" ብቻ አለኝ። ለምን እንደምሸሽ አልነገረኝም። ለዚህችም አስከፈለኝ።

ተስፋ ቆርጬ ሳለሁ ነው የስራ ባልደረባዬ የጋሼን ቁጥር የሰጠችኝ። (ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ።) ስደውል መጀመሪያ የጠየቁኝ መኪናውን ለምን ስራ እንደምፈልገው ነበር። ስለ እማዬ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና መኪናው ስንት ሄዷል አሉኝ። 231,000፣ ተርቦም አለው፣ ሰው ሁሉ እብድ ነሽ እያለኝ ነው አልኳቸው። "ቁጥሩ ስንት እንደሄደ ይነግርሻል፣ ልጄ። እንዴት እንደተያዘ ግን አይነግርሽም። ሄደን እንየው። ለባለቤቱ ግን ንገሪው፣ እኛ እስክንደርስ ሞተሩን እንዳያስነሳ" አሉኝ።

ለባለቤቱ ነገርኩት። ጠዋት ስንደርስ ጋሼ ሰላምታ ሰጡና ሌላ ምንም ሳያዩ የእጃቸውን ጀርባ ኮፈኑ ላይ አሳረፉ። ሞቋል። ባለቤቱ ደንገጥ አለ፤ ልጁ አሞት ወደ ሐኪም አድርሶት መመለሱ ነው፣ ይቅርታም ጠየቀን። እኔ በቃ እንደዚያኛው አስነስተው ሰምተው ሊሄዱ ነው ብዬ አሰብኩ። ጋሼ ሰዓታቸውን አዩ። "እንጠብቃለን" አሉ።

ጠበቅን። ለአራት ሰዓት ያህል! የግንብ ጥላ ስር ቁጭ ብለን። ጋሼ፣ ስራ አልዎት፣ ሌላ ቀን እንምጣ ብላቸው "ሞተር እውነቱን የሚናገረው ሲቀዘቅዝ ነው። የሞቀ ሞተር ብዙ ነገር ይደብቃል" አሉኝ። በዚያን ሰዓት ውስጥ ስልካቸው ስንቴ እንደጠራ እኔ ነኝ የማውቀው። ለሁሉም "ስራ ላይ ነኝ" ነበር መልሳቸው። እኔን ይዘው መቀመጣቸውን ስራ አሉት። ይህን መቼም አልረሳውም።

ባለቤቱ የመኪናውን ወረቀቶች በአንድ ማህደር አምጥቶ ሰጣቸው። መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ አነበቡ። ዘይት መቼ እንደተቀየረ፣ በስንት ኪሎ ሜትር እንደተቀየረ በጣታቸው እየተከተሉ። ብዙ ካነበቡ በኋላ ወደኔ ጠጋ ብለው "ይሄ ሰውዬ መኪናውን ይወደዋል" አሉኝ ቀስ ብለው።

በዚያው የመጀመሪያው መኪናዬ ምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ሁሉንም ገባኝ አልልም። የገባኝ ይህ ነው። ተርቦን የሚያሽከረክረው ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ነው፤ እሱ ሲሽከረከር ደግሞ ወደ ሞተሩ ተጨማሪ አየር ይገፋል። የሚሽከረከረው በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ነው። ይህን ሁሉ ዙር የሚሸከመው ደግሞ ስስ የዘይት ሽፋን ነው። ዘይቱ ከቆሸሸ ወይም ካልደረሰው ያልቅለታል። "ያንቺ አዲሱ ተርቦ የሞተው ዘይት የሚያደርሰውን ቱቦ ሳያጸዱ ገጥመውት ይሆናል፣ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነው" አሉኝ። ከገንዘቤ በላይ ያቃጠለኝ ማንም ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር እስከዚያ ቀን ሳይነግረኝ መቅረቱ ነው። ተርቦ የሚባል ነገር ሁለተኛ አልነካም ብዬ እንደነበር ስነግራቸው ተርቦ ምን አደረገ አሉኝ፤ የቆየ ስራ መሆኑንም ነገሩኝ። ቤት ገብቼ ሳነብ እውነትም አልፍሬድ ቡሺ የተባለ የስዊዘርላንድ መሐንዲስ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው።

ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ጋሼ ከኋላ ጭስ ማውጫው ጋ ቆሙ፣ ባለቤቱ አስነሳ። እኔ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ያ ሰማያዊ ጭስ ይወጣል ብዬ ጠበቅኩ። ምንም የለም። ጋሼ ጎንበስ እንዳሉ ቆዩ፣ ከዚያ ወደ ፊት ዞረው ሰሙ። ኮምፒውተራቸውንም ሰክተው አነበቡ። ስህተት አለ ወይስ የለም ብቻ አልነበረም የሚያዩት። ሻጮች ስህተቱን አጥፍተው ሲያቀርቡ መኪናው ራሱን የሚፈትሽባቸው ነገሮች ከዜሮ ስለሚጀምሩ፣ በቅርቡ ተነካክቶ ከሆነ እዚያው ይታወቃል አሉኝ። የዚህ መኪና አልተነካካም።

ከዚያ ሞተሩን አጥፍተው፣ አየር የሚያስገባውን አንድ ወፍራም ቱቦ ፈቱና "ነይ፣ ጣትሽን አስገቢ" አሉኝ። እኔን! የመጀመሪያዎቹ ዓይኔን እንኳ አላዩም ነበር። ጣቴን አስገባሁ። ውስጥ የተርቦው ትንሽ ክንፍ ክንፍ ያለ ብረት አለ። "ወደ ጎን ነቅንቂው። ትንሽ ይነቃነቃል፣ እሱ ያለ ነው። አሁን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሳቢው፣ ግፊው።" አልነቃነቅ አለ። "አየሽ? ራስሽ ነው ያየሽው" አሉኝ። ጣቴ ዘይት ሆኖ እያየሁት ዓይኔ እንባ ሞላ።

ግን የዚያን ቀን ትልቁ ነገር ገና ነበር። መኪናውን ነድተን ልንሞክረው ስንል ጋሼ ከፊት የሚቀመጡ መስሎኝ በሩን ከፈትኩላቸው። እሳቸው የኋላውን በር ከፍተው ገቡ። "እናትሽ የሚቀመጡት እዚህ አይደል?" አሉኝ። ዳገቱን አስወጡኝ፣ ጉብታ ጉብታውን አሳለፉኝ፣ ኮረኮንቹን አስነዱኝ። በመስታወት ሳያቸው ጭንቅላታቸውን ወንበሩ ላይ አስደግፈው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ልክ እማዬ እንደምትቀመጠው። ስንመለስ "ከኋላ በስተቀኝ ያለው ሾክ አብዞርበር አልቋል። ላንቺ አይታወቅሽም፣ ለእናትሽ ግን ይከብዳቸዋል። ከሁሉ በፊት እሱን ቀይሪ" አሉኝ። እናቴን አይተዋት አያውቁም።

መኪናው እንከን የለበትም አላሉም፤ ይህንንም ንገሩልኝ። ታይሚንግ ቤልቱ፣ የሞተሩን የውስጥ ክፍሎች እኩል የሚያስኬደው ቀበቶ፣ መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ወረቀት ማህደሩ ውስጥ አልነበረም። "ወረቀት ከሌለው እንዳልተቀየረ ቁጠሪው፣ እሱ ከተበጠሰ ሞተሩን ይዞብሽ ይሄዳል" ብለው ባለቤቱ ፊት ነገሩኝ። አንድ ቱቦም ዘይት ያልበዋል አሉ። እነዚህ የሚያስወጡትን ከዋጋው ላይ እንዲቀንስ በትህትና ጠየቁት፣ ሰውየውም ቀነሰ። መጨረሻ ላይ "ግዢው" አሉኝ። "እኔ ብሆን እገዛዋለሁ።" ያኔ ነው በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ባለሙያ ያለኝን ሳልጠራጠር ያመንኩት፣ ምክንያቱም መጥፎውንም ደጉንም በእጄ አስነክተውኛል።

ሂሳብ ስጠይቃቸው በስልክ ያሉኝን ያንኑ አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ውለው! ጨምሬ ልስጥ ስል እጄን መለሱት። "ሾክ አብዞርበሩን ግዢበት" አሉኝ። ደግሞ ጥገናውን እኔው ጋ አምጪው አላሉም፤ የትም አሰሪው፣ ብቻ የወጣውን አሮጌ እቃ አሳዩኝ በያቸው ነው ያሉኝ።

የነገሩኝን አሁንም እንደ ጸሎት እደግመዋለሁ። ጠዋት አስነስቼ ወዲያው አልረግጠውም። ዳገት ወይም ረጅም መንገድ ነድቼ ስቆም ደግሞ ደቂቃ ሁለት ደቂቃ ሳላጠፋ አቆየዋለሁ። ዘይቱን ቀኑ ሳይደርስ እቀይራለሁ። እማዬም ለምዳዋለች፤ ደርሰን ሞተሩ ሳይጠፋ ስንቆይ "ይተንፍስ፣ ይተንፍስ" ትላለች።

አንድ ምሽት ቢጫዋ የሞተር መብራት በራች። በነጋታው እጥበት አለ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ደወልኩላቸው። ዛሬ ነዳጅ ቀድተሻል ወይ አሉኝ። አዎ። "ውጪና ክዳኑን እይው።" ወጥቼ ሳየው በደንብ አልገጠመም። አጠበቅኩት፣ መብራቷ በሦስተኛው ቀን ራሷ ጠፋች። ወደ ጋራዥ አምጪው ብለውኝ ቢሆን እየሮጥኩ እሄድ ነበር፣ የጠየቁኝንም እከፍል ነበር። እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

እና እባካችሁ፣ ያገለገለ መኪና ልትገዙ ያሰባችሁ፣ በተለይ ተርቦ ያለው፣ በተለይ ብዙ የሄደ፣ እባካችሁ እኚህን ሰው ሳታሳዩ ቀብድ አትስጡ። አትግዙ ካሉ አትግዙ። የባልደረባዬን ወንድም ከአንድ መኪና አስጥለውታል። 96,000 ብቻ ሄዷል የተባለ፣ የሚያብረቀርቅ መኪና። የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ተበልቶ ብረቱ ወጥቷል፣ መሪውም በእጅ ብዛት ለስልሷል። "ይሄ ፔዳልና ይሄ ቁጥር አይተዋወቁም" ብለው ጥለውት ሄዱ። ሻጩ ተቆጣ፣ እሳቸው መልስ አልሰጡትም። እኔ እንዲህ ያለ ሰው ቀድሞ ቢያጋጥመኝ እማዬ ያን ቀን ፀሐይ ላይ አትቀመጥም ነበር።

ቁጥራቸውን የምትፈልጉ በግል ጻፉልኝ፣ ፈቅደውልኛል። ጠዋት በማለዳ ደውሉ፤ ቀን እጃቸው ዘይት ስለሚሆን ስልክ አያነሱም። ለባለ መኪናውም ቀድማችሁ ንገሩት፣ ሞተሩን እንዳያስነሳ። አስነስቶ ካገኛችሁት ደግሞ የምትቀመጡበት ጥላ ፈልጉ፣ ጋሼ ይጠብቃሉ።