በዓመት 3,600 ብር የሚከራይ ሆስቲንግ፦ የምጣድ ሱቃችን ድረ ገጽ የተዛወረበት ሂደትና የአገልግሎቱ ግምገማ

ታላቅ ወንድሜ በቱሉ ዲምቱ፣ የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት የክፍያ ጣቢያ ብዙም በማይርቅ ቦታ የኤሌክትሪክ ምጣድ እየሠራ ይሸጣል፤ የተበላሸም ይጠግናል። እኔ የሱቁን ሒሳብ እይዛለሁ፤ በ2010 ዓ.ም. የተከፈተውን ድረ ገጻችንንም የማስተዳድረው እኔ ነኝ። በገጹ ላይ ከዋጋ ዝርዝሩና ከምጣዶቹ ፎቶዎች በተጨማሪ፣ የተቃጠለ ሽቦ እንዴት እንደሚለወጥ፣ አዲስ ምጣድ እንዴት እንደሚሟሽ፣ ምጣድ የሚሰካበት ሶኬት ለምን እንደሚቀልጥና ይህን የመሳሰሉትን የሚያስረዱ ወደ 60 የሚጠጉ ጽሑፎች አሉ፤ ሁሉም የተጻፉት በአማርኛ ነው። የኮምፒውተር ትምህርት የለኝም። ድረ ገጹ የተሠራበትን ፕሮግራም፣ ወርድፕሬስን፣ የለመድኩት በሥራ ላይ ነው፤ ስለዚህም ይህ ግምገማ የሚጠቅመው ከሁሉ በላይ እንደ እኔ ላለ ጀማሪ ይመስለኛል።

ለመዛወር ያስገደደኝ ዋጋ ነው። የቀድሞው አስተናጋጃችን፣ ማለትም ድረ ገጹ የሚቀመጥበትን ቦታ (ሆስቲንግ) ያከራየን የነበረው፣ በውጭ አገር የሚገኝ ድርጅት ሲሆን፣ የመጀመሪያውን የሦስት ዓመት ውል የገባነው በወር 2.95 ዶላር ሒሳብ ነበር። ይህ ዋጋ ለአዲስ ደንበኛ የመጀመሪያ ውል ብቻ የተቀመጠ መሆኑን የተረዳሁት ውሉ በሚታደስበት ጊዜ የወሩ ሒሳብ 10.99 ዶላር፣ የዓመቱም 132 ዶላር ገደማ ሆኖ ሲመጣ ነው። ክፍያውን በካርዷ የምትፈጽምልን ሚኒያፖሊስ የምትኖር የአክስታችን ልጅ ስትሆን፣ እኔም ወጪውን በዕለቱ የባንክ ምንዛሪ አስልቼ በሱቁ መዝገብ ላይ አሰፍረዋለሁ። ዶላሩ በባንክ 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ የዓመቱ ወጪ 7,500 ብር አካባቢ ነበር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ግን የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፣ ያው 132 ዶላር በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ከ16,000 ብር በላይ ሆኖ ተመዘገበ። በወር ከ200 የማይበልጥ ሰው ለሚጎበኘው ድረ ገጽ ይህን ያህል መክፈል ተገቢ ሆኖ አልታየኝም፤ የሰው ካርድ በየዓመቱ መለመንም አስጨንቆኝ ነበር።

አዲሱ አስተናጋጅ ቢሮው አዲስ አበባ የሚገኝ፣ ጀርመን ካለ የዳታ ማዕከል ሰርቨር፣ ማለትም ድረ ገጾች የሚቀመጡበትን ኮምፒውተር፣ ተከራይቶ ለአነስተኛ ደንበኞች በብር የሚያከራይ ድርጅት ነው። ለዓመቱ 3,600 ብር በቴሌብር ከፈልኩ፤ ደረሰኙም በዚያው ቀን ተላከልኝ። ድርጅቶቹን በስም የማልጠራው፣ ይህን የመሰለ ጥቅል በጥቂት ልዩነት የሚሸጡ ብዙ በመሆናቸውና እዚህ የምመዝነውም ጥቅሉን በመሆኑ ነው። ጥቅሉ 5 ጊጋባይት ማከማቻ፣ ሲፓነል የተባለውን የማስተዳደሪያ ገጽ፣ አምስት የኢሜይል አድራሻዎችና ነጻ የደኅንነት ሰርተፍኬት ይዟል። ከመክፈሌ በፊት ውሉ ሲታደስ ዋጋው ስንት እንደሚሆን በጽሑፍ ጠይቄ፣ ያው 3,600 ብር እንደሆነ በጽሑፍ መልስ አግኝቻለሁ፤ በቀድሞው ውል የደረሰብን ነገር ይህን ጥያቄ አስቀድሞ መጠየቅን አስተምሮኛል።

ጀማሪን በመጀመሪያ የሚያደናግረው ዶሜይን፣ ሆስቲንግና ኢሜይል ሦስት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። ዶሜይን የሱቁ ስም የተጻፈበት ታፔላ ነው ብንል፣ ሆስቲንግ ዕቃው የተቀመጠበት ክፍል ነው፤ ኢሜይል ደግሞ የፖስታ ሣጥኑ ነው። ክፍሉን ለመቀየር ታፔላውን ማስመዝገብ እንደገና አያስፈልግም። የእኛ ዶሜይን የተመዘገበው በሌላ ድርጅት ስለሆነ አልነካሁትም፤ ሁለቱም በአንድ ድርጅት እጅ ያሉበት ሰውም ቢሆን ሁለቱን በአንድ ሳምንት ባያዛውር ይሻለዋል። እንደ ዶት ኮም ያለ ዶሜይን አዲስ ከተመዘገበ ወይም በቅርቡ ከተዛወረ እስከ 60 ቀን ድረስ እንደገና ወደ ሌላ መዝጋቢ እንዳይዛወር ሊታገድ ስለሚችልም፣ ችኮላው ትርፍ የለውም።

ወርድፕሬስ ሁለት ክፍል አለው፦ ፎቶዎቹንና የገጹን ንድፍ የያዙት ፋይሎች አንዱ ሲሆኑ፣ ጽሑፎቹ በሙሉ የሚቀመጡበት ዳታቤዝ ሌላው ነው። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ጠቅልሎ ያዛውራል የተባለ ፕለጊን፣ ማለትም ወርድፕሬስ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም፣ ሞክሬ ነበር፤ ነገር ግን ፕለጊኑ የጠቀለለው ፋይል 1.4 ጊጋባይት ስለነበረና አዲሱ ሰርቨር በአንድ ጊዜ የሚቀበለው ፋይል መጠን ከዚያ በጣም ያነሰ ስለነበረ መንገዱ አላስኬደኝም። ቀጥሎ ፋይሎቹን ወደ ላፕቶፔ አውርጄ ፋይልዚላ በተባለው ፕሮግራም፣ በሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል፣ ወደ አዲሱ ሰርቨር መስቀል ጀመርኩ። በመጀመሪያው ሌሊት መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ፤ በሁለተኛውም እንዲሁ። ፋይልዚላ ካቆመበት መቀጠል ስለሚችል ሥራው ከንቱ አልቀረም፤ ቢሆንም በሁለት ሌሊት የተሰቀለው ግማሹ እንኳን አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ለአዲሱ አስተናጋጅ የድጋፍ ክፍል በቴሌግራም ስጽፍ፣ የቀድሞው ሰርቨር ላይ ፋይሎቹን በዚፕ ጠቅልዬ ማውረጃ አድራሻውን ብቻ እንድልክላቸው ጠየቁኝ። ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው በቀጥታ ስለሳቡት ሁሉም ነገር በሩብ ሰዓት ውስጥ ደረሰ፤ ተጨማሪ ክፍያም አልተጠየቅኩም። ይህ አገልግሎት በድርጅቱ ማስታወቂያ ላይ አልተጻፈም፤ ከከተማው ዳር ሆኖ መብራትና ኔትወርክ እየተቆራረጠበት ለሚሠራ ሰው ግን ከማከማቻው መጠን የበለጠ ዋጋ አለው።

ከሁሉ የከበደኝ የፊደሉ ጉዳይ ነው፤ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ በመሆኑም በሰፊው እገልጸዋለሁ። ዳታቤዙ ተሰቅሎ ገጹን ስከፍት ፎቶዎቹና ንድፉ በትክክል ታዩ፤ ከጽሑፎቹ ግን አንድም የሚነበብ ቃል አልነበረም። በየፊደሉ ቦታ ላይ ጭረት ያረፈባት የላቲን ኤ፣ ከኋላዋም ሌሎች ትርጉም የለሽ ምልክቶች ተደርድረው ነበር። የስምንት ዓመት ጽሑፍ የጠፋ መስሎኝ በጣም ደነገጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የግእዝ ፊደል የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር በቁጥር ከሚመዘግበው ዩኒኮድ ጋር የተዋሐደው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 ዕትም ሲሆን፣ ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ አንድ የአማርኛ ፊደል የሚቀመጠው በሦስት ባይት (ኮምፒውተር መረጃ በሚያስቀምጥበት ትንሽ አሃድ) ነው። የዋናዎቹ ፊደሎቻችን የመጀመሪያ ባይት ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ላቲን1 የተባለው የቀድሞ የምዕራብ አውሮፓ አጻጻፍ ያችን ባይት ሲያነብ ጭረት ያረፈባት ኤ አድርጎ ያሳያታል። ማይኤስኪውኤል የተባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም በ2018 እ.ኤ.አ. ለአጠቃላይ አገልግሎት እስከበቃው 8.0 ዕትም ድረስ፣ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው ሠንጠረዦችን የሚከፍተው በላቲን1 ነበር። የእኛም ዳታቤዝ በ2010 ዓ.ም. ሲከፈት በዚሁ መልክ ተመዝግቦ ኖሯል። በቀድሞው ሰርቨር ላይ ወርድፕሬሱም ዳታቤዙም በላቲን1 እየተነጋገሩ ባይቶቹን ሳይነኩ ያስተላልፉ ስለነበር አሳሹ በትክክል አማርኛ ያሳይ ነበር። አዲሱ ወርድፕሬስ በዩቲኤፍ-8 ማንበብ ሲጀምር ግን ሰርቨሩ ባይቶቹን እንደ ላቲን ቆጥሮ ሁለተኛ ጊዜ ተረጎማቸው።

የድጋፍ ክፍሉ ሠራተኛ የላኩልኝን የመጀመሪያ መልስ አሁንም አስቀምጬዋለሁ፦ «እህቴ፣ አይደንግጡ፤ ጽሑፉ አልጠፋም። እባክዎ ምንም ነገር አርመው ሴቭ እንዳያደርጉ።» ማስጠንቀቂያው ትክክል ነበር። ምልክቶቹ የተዘበራረቁ ቢሆኑም ዋናዎቹ ባይቶች እስካሉ ድረስ ወደ አማርኛ መመለስ ይቻላል፤ ሰርቨሩ ላቲን1 የማያውቀውን ፊደል በጥያቄ ምልክት ተክቶ ካስቀመጠ ግን ዋናው ይጠፋል፤ ከባክአፕ (ከመጠባበቂያ ቅጂ) በቀር ማዳኛ አይኖረውም። ሠራተኛው የጽሑፍ ዓምዶቹን በመጀመሪያ ወደ ጥሬ ባይት፣ ከዚያም ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ወደተባለው የማይኤስኪውኤል ዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ ለውጠው በግማሽ ቀን ውስጥ አስተካከሉልኝ። ከዚያ በኋላ አንድ ችግር ብቻ ቀረ፤ ስማቸውን በአማርኛ ጽፌ የሰቀልኳቸው 30 ያህል ፎቶዎች ዚፑ ሲፈታ ስማቸው ተበላሽቶ ስለነበር ገጹ ላይ አልታዩም። እነርሱን አንድ በአንድ በላቲን ፊደል ሰይሜ መልሼ ሰቀልኳቸው፤ ከዚያ ወዲህም የፎቶ ስም በአማርኛ አልጽፍም።

በሌላ በኩል አዲሱን ዳታቤዝ በሲፓነል ስከፍተው እርሱም መጀመሪያ የተከፈተው በላቲን1 እንደነበረ ስመለከት አዝኛለሁ። ደንበኞቹ አብዛኛዎቹ በአማርኛ፣ በትግርኛ ወይም በሌላ በግእዝ ፊደል የሚጻፍ ቋንቋ የሚጠቀሙ ሆነው ሳለ፣ አንድ የአገር ውስጥ አስተናጋጅ ይህን ቅንብር ከመጀመሪያው አለማስተካከሉ ትልቅ ጉድለት ነው። አስተያየቴን በጽሑፍ ልኬ እንደሚመለከቱት ነግረውኛል፤ እስካሁን የተለወጠ ነገር ግን አላየሁም።

አድራሻውን ወደ አዲሱ ሰርቨር ማዞር ከዚህ ሁሉ ይቀላል፤ ቅደም ተከተሉ ግን መጠበቅ አለበት። ከማዞሬ ከሁለት ቀን በፊት የዶሜይኑን ስም ከሰርቨሩ አድራሻ ጋር በሚያገናኘው የዲኤንኤስ መዝገብ ላይ ያለውን ቲቲኤል፣ ማለትም ሌሎች ሰርቨሮች የቀድሞውን አድራሻ በቃላቸው ይዘው የሚቆዩበትን ጊዜ፣ ከ14,400 ሰከንድ ወደ 300 ዝቅ አደረግኩ። ላፕቶፔ ላይ ሆስትስ በተባለው ፋይል ውስጥ የአዲሱን ሰርቨር አድራሻ በመጻፍም፣ ደንበኞች የቀድሞውን ገጽ እያዩ እኔ ብቻ አዲሱን በራሱ ስም ከፍቼ ስመረምር ቆየሁ። እያንዳንዱን ጽሑፍ ካነበብኩ በኋላ ነው ያዞርኩት። አስተናጋጁ በላከልኝ መመሪያ ላይ የተጻፈው ኔም ሰርቨሩን፣ ማለትም የዲኤንኤስ መዝገቡ የሚቀመጥበትን ሰርቨር፣ እንድቀይር ነበር፤ እኔም እንደተጻፈው አደረግኩ፤ እዚህ ላይ ተሳሳትኩ። ኔም ሰርቨር ሲቀየር የኢሜይሉም መዝገብ አብሮ ይለወጣል፤ የኢሜይል አድራሻዎቻችንን ደግሞ አዲሱ ሰርቨር ላይ ገና አልከፈትኳቸውም ነበር። አንድ የአዳማ ምግብ ቤት ሦስት ምጣድ ለማዘዝ የላከው ደብዳቤ ተመልሶበት በስልክ እስኪነግረን ድረስ አንድ ቀን ተኩል አለፈ። ኢሜይሎቹን አስቀድሞ መክፈት፣ ወይም ኔም ሰርቨሩን ሳይነኩ የድረ ገጹን የሰርቨር አድራሻ ብቻ መቀየር ይህን ያስቀር ነበር፤ መመሪያው ስለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳን ቢኖረው ምንኛ በጠቀመ።

ሰርተፍኬቱን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት ነጻ ሰርተፍኬት የሚሰጠው ዶሜይኑ አዲሱ ሰርቨር ላይ መድረሱ ከተረጋገጠ በኋላ ስለሆነ፣ ለሁለት ሰዓት ያህል ጎብኚዎች የማስጠንቀቂያ ገጽ አይተዋል፤ ከዚያ በራሱ ተስተካከለ። ከዚያ ወዲህም በየጊዜው በራሱ እየታደሰ ነው።

አሁን ሰባት ወር ሆኖናል። ወንድሜ ሱቅ ውስጥ ሆኖ በስልኩ ዳታ ለደንበኛ የሚያሳየው የፎቶ ገጽ ቀድሞ ለመከፈት ስምንት ሰከንድ ያህል ይፈጅ ነበር፤ ዛሬ አራት ገደማ ነው። ድረ ገጹ እኔ እስከማውቀው ሦስት ጊዜ ተቋርጧል፤ ረጅሙ ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ ሲሆን፣ አንዱ አስቀድሞ በመልእክት ተነግሮናል። የድጋፍ ክፍሉ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ ምሽቱ 12፡00 ሰዓት በአማርኛ ይመልሳል፤ እሑድ ግን ዝግ ነው። ባክአፕ የሚወስዱት በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያም በዚያው በጀርመን ባለ ሰርቨር ላይ ስለሚቀመጥ በእርሱ ብቻ መታመን አልቻልኩም። ዘወትር ዓርብ ማታ የሱቁን ሒሳብ ስዘጋ የድረ ገጹንም ቅጂ ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ አወርዳለሁ። በየቀኑ ትእዛዝና ክፍያ የሚቀበል ድረ ገጽ ያለው ነጋዴ ይህን ጥቅል እንዲገዛ አልመክርም፤ የእሑዱ ዝምታና የሳምንቱ ባክአፕ ይጎዱታል። እንደ እኛ የዋጋ ዝርዝርና ጽሑፍ ብቻ ላለው ግን ያለ ማመንታት እመክራለሁ።

የቀድሞውን ውል ወዲያው አልዘጋሁትም። ሊያበቃ አምስት ሳምንት ቀርቶት ስለነበር፣ አዲሱ ሰርቨር ላይ የጎደለ ነገር ካለ ከዚያ እንዳነሣ ባለበት ተውኩት፤ በራሱ እንዳይታደስ ብቻ አጠፋሁት። በአራተኛው ሳምንት ወንድሜ የ2012 ዓ.ም. የዋስትና ወረቀት ፎቶ ፈልጎ አዲሱ ገጽ ላይ አጣው፤ ስሙ በአማርኛ ከተጻፉት መካከል እኔ ያለፍኩት አንዱ ነበር። ከቀድሞው ሰርቨር አውርጄ መልሼ ሰቀልኩት፤ ከዚያም የአክስታችን ልጅ የካርዷን ቁጥር ከቀድሞው መዝገብ ላይ እንድታነሣ ደወልኩላት።