ጓሮአችን ውስጥ ኩሬ ለሠራልን ልጅ፣ ክረምቱ እስኪያልፍ ጠብቄ የጻፍኩት ምስጋና

ሰላም ወገኖች። ይሄን ጽሑፍ መጻፍ የነበረብኝ ሚያዝያ ላይ ነው። ዓሣዎቹ የገቡ ዕለት ፎቶ ለጥፌ ላመሰግን ስልኬን አንስቼ ነበር። አባቴ "ቆይ፣ መጀመሪያ ክረምቱ ይለፍ" አለኝ። እውነቱን ነው፤ በዚህ ከተማ ግቢ ውስጥ የተሠራን ነገር ሐምሌ ሳይፈትነው ማመስገን ያስደነግጣል። ይኸው መስከረም ሆነ። ኩሬው እንዳለ ነው፣ ስምንቱም ዓሣዎች አሉ። (ስምንት ብቻም አይደሉም፣ እሱን በኋላ እነግራችኋለሁ።)

ቤታችን ሰሚት አካባቢ ነው፣ አፈሩ ዋልካ። ዋልካ ላይ ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። አባቴ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ "ጓሮ ውስጥ ኩሬ" ማለት አበዛ። ልጅነቱ ጎርጎራ ነው። ጣና ዳር ያደገ ሰው ሠላሳ ምናምን ዓመት አዲስ አበባ ቢኖርም ዓይኑ ውሃ ይፈልጋል መሰለኝ። አምና አንድ ግንበኛ አመጣን። ድንጋይ ደረደረ፣ በሲሚንቶ ለሰነ፣ በአራት ቀን ጨርሶ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። እኛም በሳምንቱ ዓሣ ገዝተን ጨመርን። በሦስተኛው ቀን ሁሉም ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈፉ። ልጄ ያለቀሰው ለቅሶ አይረሳኝም። በጋው ሲበረታ ደግሞ አፈሩ ተሰነጠቀ፣ ኩሬውም አብሮ ተሰነጠቀ፣ አንድ ቀን ጠዋት ስንነሳ ውሃው የለም። የት ሄደ ስንል የጎረቤታችን አጥር ሥር ረጥቦ ተገኘ። እዚያ ላይ ከእትዬ ጋር የተነጋገርነውን እዚህ አልጽፈውም።

ግንበኛውን ብዙም አልወቅስም። የሚያውቀው ግንብ ነው፣ ግንብ ሠራልን።

እና ይሄን ልጅ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጠቆመችኝ። የመጣው ጥር ላይ፣ ከጥምቀት በኋላ ነው። ገና ሲገባ ዋጋ ይናገራል ብዬ ስጠብቅ ጥያቄ ጀመረ። ውሃ በፈረቃ በሳምንት ስንት ቀን ትመጣላችኋለች? ፀሐይ ጓሮው ላይ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ያርፋል? ግቢው ውስጥ ልጅ አለ? አባቴ የመረጠውን ቦታ አይቶ "ጋሼ፣ አቮካዶው ሥር አይሆንም" አለው። ቅጠሉ እየረገፈ ውሃ ውስጥ ይበሰብሳል፣ የውሃ አበባ ደግሞ ቢያንስ አምስት ስድስት ሰዓት ፀሐይ ካላገኘ አያብብም። አባቴ ትንሽ አኮረፈ። ልጁ አልተለማመጠውም፣ ካስማውን ነቅሎ አራት ሜትር ወዲህ ተከለው።

ያን ጊዜ ነው ይሄ ልጅ የተለየ መሆኑ የገባኝ። እኛ አገር ባለሙያ ስትጠራ ለሁሉም ነገር "ይቻላል፣ ችግር የለም" ነው መልሱ። እሱ ግማሹን ነገር ከለከለን። የማመሰግነውም በዋናነት በከለከለን ነገር ነው።

የድሮ ዓሣዎቻችን ለምን እንዳለቁ ያወቅነውም ያን ዕለት ነው። አዲስ ሲሚንቶ ኖራውን ውሃው ውስጥ ይለቃል፣ ያ የዓሣውን ስንጥብ (መተንፈሻውን) ያቃጥለዋል፤ በውሃ እየተሞላ እየተደፋ ደጋግሞ መታጠብ ነበረበት። የቧንቧው ክሎሪን አለ። ከሁለቱ ቢተርፉ እንኳ በራሳቸው ኩስ ይመረዙ ነበር። ይህንን ሦስተኛውን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ዓሣ የሚያስወጣው አሞኒያ ነው። አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ብዙም ወደማይጎዳ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች አሉ፣ አዲስ ኩሬ ላይ ግን ገና አልተራቡም። ለመራባት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋሉ። እኛ በሳምንታችን ነበር ዓሣ የጨመርነው።

ሥራው ሲጀመር ሲሚንቶውን ትቶ ጂኦመምብሬን ነው የተጠቀመው፣ ገበሬዎች ውሃ ለማቆር የሚያነጥፉት ጥቁሩ ወፍራም ፕላስቲክ። ዋልካ ሲያብጥም ሲኮማተርም አብሮ ይተጣጠፋል፣ እንደ ግንብ አይሰነጠቅም። ልኩን እንዴት እንደሚያወጣ ለሚፈልግ ልንገር፦ የእኛ ጉድጓድ ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ወርዱ 2፣ ጥልቀቱ 80 ሳንቲ ነው። ርዝመቱ ላይ ጥልቀቱን ሁለት ጊዜ ትደምራላችሁ፣ ለዳሩ በየጎኑ 30 ሳንቲ ትጨምራላችሁ፣ ለወርዱም እንደዚያው። 5 ሜትር ከ20 በ4 ሜትር ከ20 ወጣ። ከሥሩ ጠጠር አደረገ፣ ክረምት ከታች የሚመጣው ውሃ ፕላስቲኩን እንደ ፊኛ እንዳያነሳው ማስተንፈሻ ነው። ከዚያ አሸዋ፣ ከአሸዋው ላይ አሮጌ ምንጣፍ፣ ድንጋይ እንዳይበሳው። "አሮጌ ምንጣፍ አላችሁ?" ሲል እናቴ ሳሎን ያለውን እንዳያይባት በሩን ዘጋች። በመጨረሻ የመኝታ ቤቱ ተሠዋ።

አንድ ነገር በደንብ ላሳያችሁ። የጉድጓዱ አፍ ዙሪያውን እኩል መሆን አለበት፣ ምክንያቱም ውሃ አይዋሽም፤ አንዱ ጎን ሦስት ሳንቲ ዝቅ ካለ ውሃው በዚያ ይፈሳል፣ በሌላው ጎን ደግሞ ፕላስቲኩ ገጦ ይታያል። ልጁ የብረቱን ውሃ ልክ ወደ ጎን አስቀምጦ አሥር ሜትር የሚሆን ነጭ ላስቲክ ቱቦ አወጣ። ውሃ ሞላው፤ ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ከፍታ ላይ ነው የሚረጋው። አንዱን ጫፍ ለልጄ አስያዘው፣ "እንዳትነቃነቅ፣ መሐንዲሱ አንተ ነህ" አለው። ሌላኛውን ጫፍ ይዞ በጉድጓዱ ዙሪያ ተንበርክኮ፣ ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ እስኪረጋ እየጠበቀ፣ በየግማሽ ሜትሩ ካስማው ላይ በእርሳስ ምልክት አደረገ። ቱቦው ውስጥ ትንሽዬ የአየር አረፋ ስላየ ሁሉንም ደፍቶ እንደ አዲስ ሞላና ከመጀመሪያው ጀመረ። ግማሽ ቀን ፈጀበት። አባቴ ወንበር አውጥቶ ቁጭ ብሎ አየው። ማታ ራት ላይ "ይሄ ልጅ ሥራ ያውቃል" አለ። ከአባቴ አፍ ይሄ በቀላሉ አይወጣም።

ለልጄ ሲል ደግሞ ከባለ 8 ሚሊ ፌሮ ብረት ፍርግርግ አስበይዶ፣ ፀረ ዝገት አስቀብቶ፣ ከውሃው ገጽ አምስት ሳንቲ ዝቅ አድርጎ አስቀመጠው። አይታይም፣ ተክሉ በመሐሉ ያልፋል፣ ሕፃን ግን ቢወድቅ ወደ ጥልቁ አይሰምጥም። እኛ አልጠየቅነውም። "ያለዚህ አልሠራም" ነው ያለው።

ማጣሪያው ሰማያዊ በርሜል ነው፣ ውስጡ የታጠበ ሬድ አሽ። አዎ፣ መንገድ ላይ የሚደፋው ቀዩ ድንጋይ። ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ባክቴሪያው ቤት ይሠራበታል፤ ከውጭ የሚመጣ ውድ ነገር አያስፈልግም። ፓምፑ 40 ዋት ነው፣ ቀንና ሌሊት ቢሠራ በቀን አንድ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል።

ከዚያ ጥበቃው መጣ። ውሃው ተሞላ፣ ደንገሉና ቄጠማው ተተከለ፣ የውሃ አበባው በሳፋ ሆኖ ገባ፣ ዓሣ ግን የለም። ልጁ ከራሱ አሮጌ ኩሬ አንድ ባልዲ ድንጋይ ከነዝቃጩ አምጥቶ በርሜላችን ውስጥ ጨመረ፣ እርሾ መሆኑ ነው። ባክቴሪያዎቹ የሚመገቡት እንዲያገኙ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ለባዶ ኩሬ እንድንበትን አዘዘን። ጎረቤት ሁሉ ሳቀብን። በየሳምንቱ እየመጣ ብልቃጥ ውስጥ ውሃ ቀድቶ ጠብታ ያደርጋል፤ አሞኒያ ካለ አረንጓዴ ይሆናል፣ ከሌለ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። በአራተኛው ሳምንት አባቴ "ዛሬስ?" አለው። "አልደረሰም ጋሼ።" በአምስተኛው "አልደረሰም።" እስከዚያ ትንኝ እንዳይፈላ ልጄ ጠዋት ጠዋት በሻይ ማጥለያ እጭ ሲለቅም ከረመ። ስድስተኛው ሳምንት ካለፈ በኋላ ብልቃጡ ቢጫ ሆኖ ቀረ፣ ሌላኛው ለናይትራይት የሚሆነውም ንጹሕ ሆነ። ያኔ ነው "አሁን ይግቡ" ያለው። ያንን ሁሉ ጊዜ ዓሣ ሸጦልን ማትረፍ ይችል ነበር።

ዓሣውም ላይ ቢሆን ከልክሎናል። አባቴ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ነበር የፈለገው፣ እያደገ በጾም ልንበላው። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እባካችሁ እዚህ አትክፈቱብኝ።) ልጁ "ቆሮሶ ቆላ ወዳድ ነው፣ ውሃው ከ20 ዲግሪ ሲወርድ ምግብ ይቀንሳል፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት እዚህ ይከብደዋል" አለ። ሞጆ ላለችው አክስቴ ግን ይሆናታል፣ ጫጩት ከፈለገች ሰበታ ያለውን የዓሣ ምርምር ማዕከል ትጠይቅ ብሎ መከረን። ለእኛ ብርድ የሚችለውን ጎልድፊሽ፣ ያውም ስምንት ብቻ። ወደ 3,500 ሊትር ለሚሆን ውሃ ሃያ ብንል አልሰማንም። ሲያስገባቸውም ከረጢቱን እንዳለ ውሃው ላይ አንሳፍፎ ሃያ ደቂቃ ቆየ፣ ከዚያ የኩሬውን ውሃ በስኒ በስኒ ከረጢቱ ውስጥ እየጨመረ አለማመዳቸው።

እናቴ ደግሞ ከአንድ አበባ ሻጭ ሐምራዊ አበባ ያለው፣ ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ተክል ገዝታ መጣች። ደስ ይል ነበር፣ አልዋሽም። ልጁ አንሥቶ ግንዱን ጫን ሲለው እንደ ስፖንጅ ተጨፈለቀ። "እማማ፣ ይሄኮ እምቦጭ ነው።" አባቴ ከወንበሩ ተነሣ። ጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ከታየ ጀምሮ ስንት ሰው ደረቱ ድረስ ውሃ ገብቶ በእጁ የነቀለው፣ እኛም ከደመወዛችን ያዋጣንበት እምቦጭ፣ በገዛ ገንዘባችን ጓሮአችን ሊገባ! በሁለት ሳምንት ራሱን እጥፍ የሚያደርግ ነገር ነው። ቱቦ ውስጥ ወይም ወንዝ ዳር እንዳይጣል ብሎ ልጁ ራሱ ፀሐይ ላይ አድርቆ አቃጠለው። እባካችሁ፣ ይሄን አበባ "የኩሬ ጌጥ" ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ አትግዙ።

ጥፋት አልነበረም አልልም፣ ጥፋቱ ግን የእኛ ነው። እናቴ ዓሣዎቹ ያሳዝኗታል፣ ተደብቃ የእንጀራ ፍርፋሪ ትበትንላቸዋለች። ውሃው አረንጓዴ ሆነ። ግንቦት ላይ አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ፣ ፓምፑ ቆመ፣ ሊነጋጋ ሲል ዓሣዎቹ አፋቸውን ውሃው ገጽ ላይ ከፍተው አየር ሲለምኑ አባቴ አገኛቸው። በ11 ሰዓት ነው የደወልኩለት፣ አነሣ። "በጆግ እየቀዳችሁ ከላይ አፍስሱ፣ መብራት እስኪመጣ አታቁሙ" አለ። አባቴ በጋቢው፣ እኔ በፒጃማ፣ እየተቀያየርን እስኪነጋ ቀድተን አፈሰስን። አንድም አልሞተም። ጠዋት መጥቶ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ገጠመልን፣ የዕቃውን እንጂ የመጣበትን አልተቀበለም። እናቴንም ሳይቆጣ አስረዳት፦ በቀን አንዴ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ በልተው የሚጨርሱትን ብቻ፣ እንጀራ በፍጹም። አሁን እንጀራው ለዶሮዎች ነው።

ሐምሌና ነሐሴ ስንጨነቅ ከረምን። ዳሩን ከመሬቱ ከፍ አድርጎ ስለሠራው የጓሮው ጭቃ አልገባም። የሚተርፈው ውሃ በቱቦ ወደ ቄጠማው መደብ ይሄዳል፤ ለአዲስ ዓመት የጎዘጎዝነው ቄጠማ ከዚያ የታጨደ ነው። እትዬም አጥራቸው ደርቆ ስለሰነበተ ቡና ጠርተውናል።

እና ባለፈው ሳምንት ልጄ እየጮኸ መጣ። ደንገሉ ሥር፣ ጥፍር የማያህሉ፣ ጥቁር ጥቁር የሆኑ ነገሮች ይሯሯጣሉ። እንቁራሪት መስሎኝ ነበር። ፎቶ ላክሁለት፤ "እንኳን ደስ አላችሁ፣ ጫጩት ናቸው፣ ወርቃማ የሚሆኑት በኋላ ነው" ብሎ መለሰ።

ነቀፌታም ልጻፍ፣ ማስታወቂያ እንዳይመስል። ሰዓት ማክበር ላይ ትንሽ ደከም ይላል፤ ሦስት ሰዓት ካለ አራት ተኩል ጠብቁት። አንዴ ደግሞ ሙሉ ቀን ጠፍቶብን ነበር። ዋጋውም ርካሽ አይደለም፣ የጂኦመምብሬኑ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ግን እዚህ ቁጥር ጽፌ አላሳስታችሁም። ችኩል ከሆናችሁ ወይም ለፋሲካ እንግዳ ማሳያ በሳምንት ይድረስልኝ የምትሉ ከሆነ ከእሱ ጋር አትስማሙም።

ወንድሜ፣ ይሄን ካነበብክ እግዚአብሔር ይስጥልን። አባቴ ጠዋት ቡናውን የሚጠጣው እዚያ ነው፤ ወንበሩ ወደ ቤት መግባት አቁሟል።

ስልኩን ራሱን ሳላስፈቅድ በአደባባይ አልለጥፍም፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ቁፋሮ የሚጀምረው መሬቱ ትንሽ ሲጠፈፍ ከመስቀል በኋላ ነው፣ ስለዚህ ቶሎ በሉ። ስትደውሉለት ካላነሣ ደግሞ አትቀየሙት፣ እጁ ጭቃ ነው። ቴክስት አድርጉለት፣ ማታ ይመልሳል።