ያገለገለ መርሴዲስ ኢ 200 ኮምፕሬሰር በአዲስ አበባ፦ የአራት ዓመት ባለቤት ግምገማ

እ.ኤ.አ. በ2007 የተሠራ መርሴዲስ ቤንዝ ኢ 200 ኮምፕሬሰር ከገዛሁ አራት ዓመት ሞላኝ። በእነዚህ ዓመታት መኪናው በየቀኑ ከሲኤምሲ ሜክሲኮ ተመላልሶብኛል፣ ሁለት ጊዜ ሐዋሳ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ደሴ ወስዶ መልሶኛል፤ መንገድ ላይ ያስቀረኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፣ የዚያንም ቀን ምክንያት ወደ ታች እገልጻለሁ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ እዚሁ ያሉት መርሴዲሶች ከእጅ ወደ እጅ እየዞሩ ስለሆነ፣ ዛሬ አንዱን የሚገዛ ሰው በአብዛኛው ሦስተኛ ወይም አራተኛ ባለቤት ነው። ከዚህ ትውልድ ውስጥ ለአዲስ አበባ ነዋሪ የምመክረው አንድ ዓይነት ብቻ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2006 አጋማሽ ወዲህ የተሠራውን ኢ 200፤ እሱንም ቢሆን ሞተሩ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ ማለዳ ሲነሣ በጆሮው ሰምቶ ከሆነ ነው።

በመለያ ቁጥሩ 211 ተብሎ የሚጠራው ይህ ትውልድ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2009 ተመርቷል። የቀደመው 210 በዝገት የታወቀ ስለነበር ዛሬ ከሚሸጡት ውስጥ ብዙዎቹ ከቀለማቸው ሥር ስቱኮ የተሸከሙ ናቸው፤ 211 በዚህ በኩል እጅግ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2006 አጋማሽ ላይ መኪናው ተሻሽሎ ወጥቷል፤ ገዢ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ድንበርም ይኸው ነው። ከውጭ ለሚያየው ሰው ለውጡ በፊት መከላከያው፣ በመብራቱና በስፖኪዮው ቅርጽ ላይ ያለ ጥቂት ነገር ስለሆነ የቀድሞውን መኪና በአዲሱ መከላከያ አልብሶ መሸጥ አስቸጋሪ አይደለም። የማይዋሸው የሻንሲ ቁጥሩ ነው። ለአውሮፓ ገበያ በወጡት መኪኖች ላይ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደላት ቀጥሎ 211፣ ከዚያም 042 ከተጻፈ የቀድሞው 163 የፈረስ ጉልበት ያለው ኢ 200 ነው፤ 041 ከሆነ ግን የተሻሻለው፣ 184 የፈረስ ጉልበት ያለው ነው።

በጉልበት ያለው ልዩነት ያን ያህል አያስጨንቅም፤ የሚያስጨንቀው ፍሬኑ ነው። ከ2006 አጋማሽ በፊት የተሠሩት 211ዎች ፍሬናቸው በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ነው፤ ፔዳሉን ሲረግጡት ትእዛዙን የሚያነበው ሴንሰር ሲሆን ኮምፒውተሩ ደግሞ በፖምፓ የታመቀውን የፍሬን ዘይት ለአራቱም ጎማዎች ያከፋፍላል። ሐሳቡ ብልህ ነበር። ይሁን እንጂ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2004 በዚሁ ፍሬን ምክንያት 680,000 ያህል መኪኖችን ለጥገና ጠራ፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ፍሬኑን ጨምሮ ለተለያዩ ችግሮች 1.3 ሚሊዮን መኪኖችን ጠራ፣ በመጨረሻም ሥርዓቱን ትቶ ወደ ተለመደው ፍሬን ተመለሰ። ፖምፓው ስንት ጊዜ እንደሠራ የሚቆጥር ቆጣሪ አለው፤ ገደቡ ሲሞላ ቀይ ማስጠንቀቂያ ይበራል። ሥርዓቱ ጨርሶ ሥራ ካቆመ የሚይዙት የፊት ጎማዎች ብቻ ናቸው፣ ፔዳሉም በሙሉ ኃይል ካልተረገጠ አይታዘዝም፤ ይህ ከእንጦጦ ቁልቁል ሲወርዱ ቢደርስ ምን እንደሚመስል ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ከገንዘብ ያለፈ ጉዳት ያመጣል። የእነዚህ መኪኖች ፍሬን በር ሲከፈት ወይም ቁልፉ ሲጫን ገና ሞተሩ ሳይነሣ ራሱን ሊያዘጋጅ ይችላል። የፍሬን ሸራ ሊቀይር ጣቶቹን ካሊፐሩ ውስጥ ያስገባ ሠራተኛ፣ ሥርዓቱን በኮምፒውተር ሳያጠፋ ከጀመረና ሌላ ሰው በሩን ከከፈተ፣ ፒስተኑ ጣቱን ሊጨፈልቀው ይችላል። የሰፈር ፍሬን ሠሪዎች ጎበዞች ናቸው፣ እጃቸው ግን ለተለመደው ፍሬን የተማረ ነው። ስለዚህ የቀድሞውን 211 የያዘ ሰው መኪናውን ለማንም ከመስጠቱ በፊት ይህን በቃሉ ይንገር።

ወደ ሞተሩ ልመለስ። ይህ ባለ አራት ሲሊንደርና ባለ 1.8 ሊትር ሞተር በቺንጋ የሚዞር ኮምፕሬሰር አለው። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ በመሆኑ ኮምፕሬሰር የሌላቸው ሞተሮች ሽቅብ ላይ ሲያቃስቱ ይሰማል፤ ኢ 200ም በከፍታው ጉልበት ቢያጣም፣ አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ ለሽቅቡ የሚበቃ ኃይል ይተርፈዋል። ጣርማ በርን ስወጣ ሦስት ሰዎችና ሙሉ ሻንጣ ጭኜ ማርሹ ያለ ችግር እየተለዋወጠ ሄዷል። ይህ የመኪናው ትልቁ በጎ ጎኑ ነው፤ ድምፁ ግን የቅንጡ መኪና ድምፅ አይደለም፣ ሞተሩ ሲጨነቅ ጎርናና ሆኖ ይጮኻል። ለድምፁ ውበት የሚጨነቅ ሰው ባለ ስድስት ሲሊንደሩን ኢ 350 ይመኝ ይሆናል፤ ነገር ግን በዚያ ሞተር የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርት ላይ የሞተሩን ንዝረት የሚያረግበው የሚዛን ዘንግ ጥርስ አለጊዜው ያልቃል፣ እሱን ለመቀየር ደግሞ ሞተሩ ወርዶ ይፈታል፤ ስለዚህ እኔ አልነካውም።

የኢ 200 ሕመም የታይሚንግ ሰንሰለቱ ነው። ሰንሰለቱ ነጠላ ረድፍ ያለውና ቀጭን ስለሆነ በጊዜ ብዛት ይለጠጣል፣ ባልቦላዎቹን የሚከፍቱትን የካም ዘንጎች የሚያስተካክሉት ጥርሶችም አብረው ይበላሉ። ጥርስ ዘሎ ባልቦላ ፒስተን ከመታ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ወርዶ መሠራት አለበት፤ ያን ጊዜ ወጪው ከመኪናው ዋጋ ጋር መወዳደር ይጀምራል። የእኔን መኪና ሳይ ደላላው «በሴት የተያዘች ናት፣ ጓዳ ነው የከረመችው» ብሎ አስተዋወቀኝ። በተቀጠርኩበት ሰዓት ደርሼ ኮፈኑ ላይ እጄን ሳሳርፍ ሞቅ ብሏል። ሻጩ መኪናውን ከቦታው ለማንሣት ብዬ ነው አሉኝ፤ ሊሆን ይችላል። እኔም በትሕትና ተሰናብቼ በማግስቱ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል በሩን አንኳኳሁ። ቁልፉ ሲዞር ለሁለት ሰከንድ ያህል፣ ቆርቆሮ ውስጥ ሳንቲም እንደሚናጥ ያለ ቅጭልጭልታ ተሰማና ጠፋ። ከዚያ በኋላ ሞተሩ እንደ ሰዓት ሠራ፤ ሞቆ ቢሆን ኖሮ ምንም አልሰማም ነበር። ዋጋውን ያወረድኩት በዚያች ሁለት ሰከንድ ነው፤ ከገዛሁ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት ሰንሰለቱን፣ መወጠሪያውንና ሁለቱን ማስተካከያ ጥርሶች አንድ ላይ አስቀየርኩ። ሰንሰለቱን ብቻ ቀይሮ ያለቀውን ጥርስ መተው አዲስ ገመድ በተሰበረ መዘውር ላይ እንደመጠምጠም ነው፤ አንዳንድ ጋራዦች ግን ወጪ ለመቀነስ ይህንኑ ይመክራሉ።

ሁለተኛው ችግር ለዓይን የማይታይ ነው። ከሞተሩ ፊት ለፊት ያሉት፣ የካም ዘንጎቹን ማስተካከያ የሚያዝዙት ሁለት ማግኔቶች ሲያረጁ ዘይት ያስገባሉ፣ ዘይቱም በሽቦዎቹ ውስጥ እንደ ኩራዝ ክር እየተሳበ ወደ ሞተሩ ኮምፒውተር ይጓዛል። ፍተሻው አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ የማግኔቱን ሶኬት ነቅሎ ውስጡን በነጭ ሶፍት ጫፍ መንካት ነው። ሶፍቱ ቡናማ ሆኖ ከወጣ ማግኔቶቹ ይቀየራሉ፣ በማግኔቱና በዋናው ሽቦ መካከል የምትገባ አጭር ሽቦም ትጨመራለች፤ ዘይት ዳግም ቢገባ የምትበላሸው እሷ እንጂ ዋናው ሽቦ አይደለም። መንገድ ላይ የቀረሁበት ቀን ምክንያት ግን ይህ አልነበረም፣ ከሞተሩ ጀርባ ያለች፣ የሞተሩን የውስጥ ጭስ የምታስተላልፍ የጎማ ቱቦ ደርቃ ተሰንጥቃ ነው። እንደ ብስኩት ተፈርፍራ አገኘኋት። የሞተሩ የጎማ ቱቦዎች ዕድሜ ላይ ስለደረሱ አንዱ ሲሄድ ሁሉንም መቀየር ይሻላል።

ስለ ካምቢዮው የምናገረው በቁጣ ነው። ባለ አምስት ማርሹ አውቶማቲክ ጠንካራ ነው፣ ዘይቱና ፍልትሮው በየ60,000 ኪሎ ሜትር ከተቀየረለት ረጅም ዕድሜ ይኖራል። «የዕድሜ ልክ ዘይት ነው፣ አይነካም» የሚለውን ወሬ መስማት አይገባም። ችግሩ የዘይት መለኪያ ዘንግ የለውም፤ ቱቦው አለ፣ ክዳኑ ግን የታሸገ ነው። ልኩ የሚታየው ዘይቱ 80 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ለዚሁ በተዘጋጀ ዘንግ ነው። ስሙን መጥቀስ የማልፈልገው አንድ ጋራዥ በቀዝቃዛው፣ በግምት፣ ያውም ለሌላ መኪና የታሰበ ዘይት ሞላልኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲገባ መርገጥ ጀመረ። ዘይቱን አስደፍቼ በመርሴዲስ 236.14 የተባለውን ስሞላለት ችግሩ ጠፋ፤ ዕድለኛ ነበርኩ። የሞተር ዘይቱም እንዲሁ 229.5 የሚል ማረጋገጫ ያለው መሆን አለበት፣ አምስት ተኩል ሊትር ገደማ ይወስዳል። የዳሽቦርዱ ኮምፒውተር ብዙ ኪሎ ሜትር ይፈቅዳል፣ እኔ ግን በአዲስ አበባ አቧራና የትራፊክ መቆም ምክንያት በየ7,000 ኪሎ ሜትር እቀይራለሁ፤ ሰንሰለቱ ከዘይት ሌላ ጠባቂ የለውም።

ከሥር ያለውን በተመለከተ፣ ኢ 200 ሲገዛ ተራ ሞላ ያለውን መምረጥ ነው። አንዳንዶቹ የአየር ትራስ አላቸው፤ ትራሶቹ ሲተነፍሱ መኪናው ሌሊቱን አንድ ጎኑን አጋድሞ ያድራል፣ ለመቀየርም ውድ ናቸው። ሞላ ያለውም ቢሆን ኮብልስቶኑና የፍጥነት መቀነሻው የፊት ብራቾዎችን (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዙትን ክንዶች) ቡሽና ቴስቲና ይጨርሳል። እኔ በአራት ዓመት ሁለት ጊዜ ቀይሬያለሁ። በመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ የሚገኘው ዕቃ ሦስት ዓይነት ነው፦ ኦሪጅናል፣ ኮፒ እና ከሌላ መኪና የተነቀለ። የመርሴዲስ ኦሪጅናል ዕቃ ቁጥር በኤ ፊደል ይጀምርና ብዙውን ጊዜ የመኪናውን መለያ 211ን ወይም የሞተሩን 271ን ያስከትላል፤ የድሮውን ዕቃ ይዞ ሄዶ ቁጥር ከቁጥር ማስተያየት ይበጃል። በሳጥኑ ላይ ኮከብ ስላለ ብቻ መክፈል የዋህነት ነው። ሌምፎርደር፣ ሳክስና ቦሽ ለፋብሪካው ራሱ ዕቃ የሚያቀርቡ ስለሆኑ በራሳቸው ሳጥን ሲገኙ በረከሰ ዋጋ ያው ዕቃ ነው። ለብራቾ የተነቀለ ዕቃ አልገዛም፤ ለበር እጀታ፣ ለመስታወት ማንሻና ለመብራት ግን የተነቀለው ከኮፒው ይበልጣል።

የወረቀቱ ነገር ደግሞ ከሞተሩ ባልተናነሰ ሁኔታ ሰው አቃጥሏል። በአገራችን ከሚዞሩት የቅንጦት መኪኖች አንዳንዶቹ በመጀመሪያ ከቀረጥ ነፃ የገቡ ናቸው፤ ቀረጡ ያልተከፈለበት መኪና ሊብሬው ቢያምርም ስም አይዞርም። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈል በፊት የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ማስተያየት፣ የጉምሩክ ሰነዱን ማየት፣ የባንክ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ አለመኖሩንም መኪናው ከተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ማጣራት ግድ ነው። የሚታየውን ኪሎ ሜትር አላምንም። የፍሬኑ ፔዳል ጎማ ተልጦ፣ የመሪው ቆዳ አብረቅርቆ፣ የሾፌሩ ወንበር የግራ ጠርዝ ተሰንጥቆ ሳለ ዳሽቦርዱ 90,000 ቢያሳይ የማምነው ወንበሩን ነው። እነዚህን ሁሉ ለማየት ሜካኒክ አያስፈልግም።

አንድ ስህተቴን ሳልናገር አላልፍም፦ መኪናውን የገዛሁት በአንድ ቁልፍ ነው። ሻጩ ሁለተኛውን «ፈልጌ እልክልሃለሁ» ብለውኝ ነበር። የዚህ መኪና ቁልፍ እንደ ድሮው ተሞርዶ የሚወጣ ሳይሆን በመኪናው ቁጥር የሚዘጋጅ ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ከጠፋ መኪናው በክሬን ካልሆነ ከቆመበት አይነሣም። ዛሬም ያለኝ ያችው አንዷ ናት፤ ማታ ማታ ከመተኛቴ በፊት መሳቢያዋ ውስጥ መኖሯን አያለሁ።