ገልብጣችሁ እዩት
ነሐሴ ላይ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ስትሄዱ፣ ዝናቡ ባባራ ቁጥር ጫካው ዳር ነጭ እንጉዳይ ብቅ ይላል። የሚበላው አጋሪከስና ገዳዩ ነጭ አማኒታ ደግሞ ከላይ ሲታዩ መንታ ናቸው።

ገልብጡት። ከቆቡ ሥር እንደ መጽሐፍ የተደረደሩት የአጋሪከስ ስስ ገጾች በለጋነቱ ሮዝ ናቸው፤ ሲያረጅ እንደተቆላ ቡና ይጠቁራሉ። የአማኒታው ግን ነጭ እንደሆኑ ይቀራሉ።

ግንዱን አትቀንጥሱ፤ ከነሥሩ በቢላ ቆፍራችሁ አውጡት። አማኒታ አፈር ውስጥ የተሰነጠቀ የእንቁላል ቅርፊት የሚመስል ከረጢት አለው። ይሄን ሳያይ የሚለቅም ሰው በጣም ያስፈራኛል። መርዙ ቢቀቀልም አይጠፋም። ሕመሙ ብዙ ጊዜ ከ6 ሰዓት በላይ ቆይቶ ስለሚጀምር፣ የበላው ሰው «ምንም አልሆንኩም» ብሎ ይተኛል።

አጋሪከስም ቢሆን ሲፋቅ ደማቅ ቢጫ ከሆነ ተዉት። ገና ያልተከፈተውን እኔ ጭራሽ አልነካም፤ ገጹ አይታይማ።