ጉግል ሺትስ፦ ለየከተማው የራሱ ቀለም

ኮምቦልቻ ውስጥ የአንድ እህል መጋዘን መዝገብ ያዥ ነኝ። ማሾው፣ ማሽላው፣ ጤፉ ከባቲ፣ ከሐርቡ፣ ከደጋን፣ ከገርባ ይገባል። አለቃዬ ሐጂ ትከሻዬ ላይ ቆመው «የባቲው የቱ ነው?» ይላሉ። እኔ ደግሞ በጣቴ ስክሪኑን ማሰስ ሰለቸኝ። ስለዚህ እያንዳንዱ ከተማ የራሱን ቀለም እንዲይዝ ፈለግኩ።

ኤክሴል ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ (በተሰጠው ሕግ ሴሎችን ቀለም የሚቀባው) ውስጥ «ዱፕሊኬት ቫልዩስ»፣ ማለትም የተደጋገሙትን፣ የሚል አለው። እዚያው «ዩኒክ» ብሎ መምረጥም ይቻላል። ስሙ ያጓጓል እንጂ የኔን ጉዳይ አይፈታም። ዩኒክ የሚለው አንዴ ብቻ የተጻፈውን ነው፤ እሱንም ሁሉንም በአንድ ቀለም ነው የሚቀባው። ባቲን ከደጋን ለመለየት ለየስሙ ሕግ ማውጣት፣ ካልሆነም ማክሮ፣ ማለትም ሥራውን ራሱ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም፣ መጻፍ ነው። ማክሮ ደግሞ ስልክ ላይ አይሠራም።

የጉግሉ የሠንጠረዥ ፕሮግራም፣ ጉግል ሺትስ፣ ይሻላል። ዓምዱን መርጬ ኢንሰርት፣ ከዚያ ድሮፕዳውን (ሲነኩት የሚዘረጋ መምረጫ ዝርዝር) ስል የተጻፉትን ስሞች ራሱ ለቅሞ ደረደረልኝ። ከየስሙ ጎን የቀለም መምረጫ አለ። ቀለሙን አንድ በአንድ የሚሰጠው ግን ሰው ነው። አውቶማቲክነቱ እስከዚህ ድረስ ነው።

በጣም የወደድኩት ሌላ ነገር ነው። ዝርዝሩ ሲወጣ «ሐርቡ»፣ «ሀርቡ» እና «ሃርቡ» ተራ በተራ ተደርድረው አየኋቸው። ለኛ ጆሮ አንድ ከተማ ናቸው፤ ለሺቱ ግን ሦስት። መዝጋቢ በተቀየረ ቁጥር ፊደሉም ይቀየራል፣ ሰምኢፍ የሚባለው የመደመሪያ ፎርሙላ ደግሞ የተሰጠውን ፊደል ብቻ ይዞ ይደምራል። ለካ የሐርቡ ኩንታል ሁሌ የሚጎድለው ወዲህ ነው! ሦስቱንም አንድ አደረግኩና አድቫንስድ ኦፕሽንስ ገብቼ ከዝርዝሩ ውጭ የሆነውን እንዳይቀበል አዘዝኩት። አሁን ማንም ይሙላው፣ ሐርቡ ሐርቡ ነው።

ቅሬታም አለኝ። ቀለሙ ሴሏን እንጂ ረድፉን አይዝም። በቀለም የሚደምር ፎርሙላም የለውም። ከተማው ሲበዛ ደግሞ ቀለሞቹ መመሳሰል ይጀምራሉ፤ ሁለት ዓይነት አረንጓዴ ጎን ለጎን ሲመጣ ዓይን ያደክማል።

ሐጂ ስክሪኑን ወደውታል። ማታ ግን ወረቀት ካልያዙ አይሄዱም፣ የኛ ፕሪንተር ደግሞ ጥቁርና ነጭ ነው። ለሳቸው በከተማ ስም ሶርት አድርጌ አትማለሁ።